ሳሲ ሰይፉን የያዘበት እጅ

ከቢር ረባህ የቁርኣን ቤት መምህር ከሼኽ ጣሂር ቢን ዐማራ፣ በባሕር ማዶ በማርሴይ ወደብ ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሜ ለሀሙዳ ቢን ዐማራ የተጻፈ። የተጻፈበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በመውሊድ ሰሞን በከተማችን የሆነውን ነገር በሌላ ሰው አፍ ተጣምሞ ሳይደርስህ ከእኔ ከራሴ እንድትሰማው ነው። ሁለተኛው ስለ ግራ እጅህ ነው፤ እርሱን በቦታው እደርስበታለሁ።

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንተ ላይ ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ባለፈው ደብዳቤህ ከመርከብ ጆንያ ስታወርድ እንደ ያዘህ ነግረኸን ነበርና፣ እናታችን ከዚያ ቀን ወዲህ በዱዓዋ ላይ አንተን ከጠራች በኋላ ወገብህን ለብቻው ትጠራዋለች። የዚያ አገር ብርድ ገባ ወይስ ገና ነው? የላክንልህ የሱፍ ካባ ደረሰህ? አብሮህ የሚኖረው ቃዱር እንዴት ነው? ደብዳቤዎችህን ሁሉ የሚጽፍልህ እርሱ ስለ ሆነ፣ የአንተን ድምፅ ከእርሱ የእጅ ጽሑፍ ለይተን መስማት ካቃተን ቆይቷል።

እኛ በአላህ ችሮታ ደኅና ነን። የእናታችን ዐይን ደክሟል፤ ምላሷ ግን ትተኸው እንደ ሄድህ ነው። ባለቤቴ ማሕርዚያ ጉልበቷን ይቆረጥማታል እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። ወይራው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ ተምሩ ግን ነፋስ መትቶት ግማሹ መሬት ቀርቷል። ለጤናና ለሰብል የሚገባውን አድርሻለሁና ወደ ነገሬ ልግባ፤ ብዕሬ ከእኔ ቀድሞ መሮጥ ከጀመረ ሦስት ቀን ሆነው።

ድሮ የፈረንሳይ ወታደሮች ፈረሶቻቸውን ያስሩበት የነበረውን ሜዳ ታስታውሳለህ። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ ስድስት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ቆሟል። ስሙም የሳሲ ቢን ዘይድ ትምህርት ቤት ነው። ነጻነታችን ሁለት ዓመቱ ሆኖ ሳለ ከዋና ከተማው የመጣው ደብዳቤ፣ በመግቢያው ግድግዳ ላይ የሳሲ ሥዕል እንዲሣል፣ የከተማው የታወቀ ሽማግሌም ሥዕሉ ከታሪኩ ጋር መስማማቱን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ያዛል። የከተማችን ሹም ዑምዳ ሲ ለዝሀር ወረቀቱን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። «ሲዲ ሼኽ፣ ታሪክ የሚያውቅ አንተ፣ ውሸት የማይፈርም አንተ። ሌላ ማን ጋ ልሂድ?» አለኝ። ነገሩ እውነት ስለ ነበረ አልተግደረደርሁም።

ታሪኩን እናታችን ከጡቷ ጋር አጥብታሃለች። የፈረንሳይ ጦር ጉድጓዳችንን ሊይዝ በመጣ ቀን፣ ሳሲ የጉድጓዱን አፍ በገላው ከልሎ፣ ባንድ እጁ የባልዲውን ገመድ ሳይለቅ የተጠሙትን ሴቶችና ልጆች እያጠጣ፣ በሌላው እጁ በሰይፍ እስከ ዐስር ሰላት ድረስ ተከላክሎ እዚያው ወደቀ። እርሱን በዐይኑ ያየ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ያለን ሥዕሉ ነው። ኡስታ ፈርጃኒ፣ አላህ ይማረውና፣ በመስታወት ጀርባ የሣለውና በቡልባባ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ የተሰቀለው ሥዕል። በዚያ ሥዕል ላይ ሳሲ ገመዱን በቀኝ፣ ሰይፉን በግራ እጁ ይዟል። ከዚያ ሥዕል የተቀዳ ሌላ መስታወት በከተማው የሌለበት ቤት የእኔ ቤት ብቻ ነው።

ይህ ግራ እጅ ስንት መከራ እንዳሳየኝ አንተ ከማንም ይልቅ ታውቃለህ። የቢር ረባህ ሙሽራ ከኒካሑ በፊት ወደ ጉድጓዱ ሄዶ ዱላ በግራ እጁ ሦስት ጊዜ ያነሣል። ነጋዴው ዋጋ ሲቆርጥ ከአላህ ስም ይልቅ «በሳሲ ግራ» ብሎ ይምላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በግራው ብዕር የሚያነሣ ደቀ መዝሙር ባገኘሁ ቁጥር አርሜዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባቱ በማግሥቱ መጥቶ «ሲዲ ሼኽ፣ ሳሲም እኮ ግራኝ ነበር» ይለኛል። እኔ ኪታብ እጠቅሳለሁ፤ እነርሱ አንድ መስታወት ያሳዩኛል፤ መስታወቱም ያሸንፈኛል። እግሬ ወደ ሻይ ቤት ስለማይገባ ያን ሥዕል በደጅ ሳልፍ ከማየት በቀር ቀርቤ ተመልክቼው አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን እንደ ሰው ጠላት እጠላው ነበር።

ሥዕሉን ሊሥል የመጣው ልጅ ራኡፍ ይባላል። በዋና ከተማው ተምሯል፤ ጫማው ንጹሕ፣ ሰላምታው የታረመ ነው። በካርቶን ላይ ያዘጋጀውን ንድፍ በሻይ ቤቱ ደጅ ዘረጋው። በንድፉ ላይ ሳሲ ሰይፉን በቀኙ ይዟል። ቡልባባ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደ ያዘ ወጥቶ ጥቂት ተመለከተና «ጥሩ ልጅ ነው። የማን ልጅ ነው?» አለው።

«ሳሲ ነው፣ አጎቴ።»

«የኛ ሳሲ ነው ወይስ የጎረቤት?»

ራኡፍ ፊቱ ቀልቶ፣ ቀኝ እጅ ለግድግዳው ሚዛን እንደሚሻል፣ በአገሩ ልጆች ሁሉ ፊት የሚቆም ጀግናም እንደ አብዛኛው ሰው መሆን እንዳለበት ያስረዳ ጀመር። ቡልባባ «ሚዛን ከፈለግክ ሥጋ ቤቱ እዚያ ማዶ ነው» ብሎት ገባ። የተቀመጡት ሁሉ ሣቁ። እኔ ግን በመንገዱ ማዶ ቆሜ በልቤ ለልጁ ፈረድሁለት።

በማግሥቱ ራኡፍ የሻይ ቤቱን ሥዕል ከክፈፉ አውጥቶ ለማየት ጠየቀ። ያን ክፈፍ የመክፈት መብት ያላት የኡስታ ፈርጃኒ ልጅ ላላ ዩምና ብቻ ናት። እርሷም የአባቷን ሙያ ይዛ እስከ ዛሬ በመስታወት ትሥላለች። ከዑምዳው ጋር እኔም በምስክርነት ተጠራሁ፤ በሃምሳ አምስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሻይ ቤቱን ደፍ ተሻገርሁ። ላላ ዩምና ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለች። የኋላው እንጨት ሲነሣ በመስታወቱና በእንጨቱ መካከል አንድ ታጥፎ የቆየ ወረቀት ወጣ። ፈታነው። ያው ሥዕል ነው፤ በቀለም ሳይሆን በጥቁር መሥመር የተሣለ፤ ጉድጓዱም፣ የመስጊዱ ሚናራም፣ ሳሲም አሉበት። ሰይፉ ግን በቀኝ እጁ ነበር።

ወንድሜ ሆይ፣ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ደስታ ከአንተ አልሰውርም። በመስታወት የሚሥሉ ሰዎች መሥመሩን ከወረቀት ላይ በመስታወት አንሥተው መስታወቱን እንደሚገለብጡት ሰምቼ አውቅ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። ኡስታ ፈርጃኒ ሳሲን በወረቀት በትክክል ሣለው፤ መስታወቱ ሲገለበጥ ቀኙ ግራ እንደሚሆን ዘነጋ፤ አንድ ከተማ ሙሉ በአንድ የእጅ ጥበበኛ መዘናጋት ሰባ ዓመት ተሳሳተ። ላላ ዩምና እጇን ወደ ወረቀቱ ዘርግታ «ሲዲ ሼኽ፣ ስለሱ ወረቀት አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ። እኔም ወረቀቱን አጥፌ ወደ ብብቴ እያስገባሁ «ወረቀቱ ራሱ አፍ አለው» አልኋት። እርሷም ምስማሮቹን መሰብሰብ ያዘች።

ዑምዳው ነገሩን ለመቁረጥ የጠራው ስብሰባ እስኪደርስ በነበሩት ሁለት ቀናት ምድር አልበቃችኝም። ከመውሊዱ የዐሲዳ ገንፎ ሁለት ሳህን በላሁ፤ ማሕርዚያ ታመምህ እንዴ ብላ ግንባሬን ዳሰሰች። ለደቀ መዛሙርቴ ትምህርቱን ትቼ ስለ ሥዕልና ስለ ሕዝብ ነገርኋቸው። ዐይን በልጅነት የዋጠውን፣ ኪታብ በሽምግልና አያስተፋውም፤ ስለዚህ አንድ አገር በግድግዳው ላይ የሚሥለው ሰው የልጆቹ ሁሉ ሁለተኛ አባት ነው፤ አባት ደግሞ በሐሰት አይሣልም፤ እንዲህ እያልሁ ተናገርሁ። ይህን አሁንም አምናለሁ። በዚያ ቀን ግን ቃሉን እንደ በትር ይዤው ነበር።

ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ከተማው በአዲሱ ትምህርት ቤት ግቢ ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአግዳሚ ወንበሮቹ ላይ፣ ሴቶቹ በጥላው በኩል በግንቡ ሥር፣ ገና ያልደረቀ ልስን የሚሸተው ባዶው ግድግዳ ከፊታችን። የሻይ ቤቱ መስታወት በጠረጴዛ ላይ ቆሟል። እኔ ሌላ ንጹሕ መስታወትና የኩል እንጨት ይዤ መጥቼ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ተነሣሁ፤ ወረቀቱን ለሁሉም አሳየሁ፤ መስታወቱን በላዩ አድርጌ ሰውየውንና ሰይፉን ብቻ በኩሉ እንጨት ሣልሁ፤ ከዚያም መስታወቱን ገለበጥሁት። ቀኙ ግራ ሆነ።

ቡልባባ ተነሣ። የሁልጊዜ ፌዙ በፊቱ ላይ አልነበረም። «እንግዲያው እኔና አባቴ፣ ልጆቼም፣ በሠርጋችን ቀን ዱላውን ያነሣነው በተሳሳተ እጅ ነው በለኛ» አለኝ።

«እውነቱ ይኸው ነው፣ ቡልባባ» አልሁት።

«እኔስ ለሞተው ልጄ በቀብሩ ላይ ምን ብዬ ነበር? ግራህ የሳሲ ግራ ነበር ብዬ አልነበር?»

የቡልባባን ትልቁን ልጅ ታውቀዋለህ፤ ነጻነቱ ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ፈረንሳይን ከሚዋጉት ከተራራው ሰዎች ጋር ወጥቶ የተገደለው ነው። ዐይኔን ከእርሱ ባነሣ ግድግዳውን የለሰነው ግንበኛ በመሰላሉ ሥር ቆሞ አየሁት። የልስን ማንኪያውን በግራ እጁ ይዞ ነበር። ማንም ሳይናገረው፣ ከእኔ በቀር ማንም ሳያየው፣ ማንኪያውን ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረው። ይህንንም ሲያደርግ ትከሻው እንዴት እንደ ወረደ አየሁ። ያን ትከሻ ከዚህ በፊት የት እንዳየሁት ወዲያው አወቅሁ፤ ነገር ግን ንግግሬ ስላላለቀ ልቤን ገሠጽሁት።

ያን ጊዜ ላላ ዩምና ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «ሲዲ ሼኽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ትቆጣ ይሆን?» አለች።

«ጠይቂ።»

«ከገበያው ቆመህ ስታይ ሚናራው ከጉድጓዱ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ» አልሁ። ለዚህ ማሰብ አያስፈልግም፤ በሚናራው ሥር ነው ያደግነው።

«በመስታወቱስ ላይ?»

ወደ ጠረጴዛው ተመለከትሁ። «በቀኝ።»

«በወረቀትህስ ላይ?»

ወረቀቱን አየሁ። ወንድሜ ሆይ፣ ሁለት ቀን በብብቴ ይዤው፣ ሃያ ጊዜ ፈትቼ አይቼው፣ ከአንዲት እጅ በቀር ሌላ ነገር አላየሁበትም ነበር። በወረቀቱ ላይ ሚናራው በጉድጓዱ ግራ ቆሟል። ሁላችንም በየቀኑ አምስት ጊዜ የምናየው ሚናራ፣ በእኔ ማስረጃ ላይ፣ ቆሞ በማያውቅበት ስፍራ ቆሟል።

ከኋላ አንድ ሰው «መስጊዱንም ይዞት ዞረ ማለት ነው?» አለ። ሣቁ ከአግዳሚው ተነሥቶ ወደ ሴቶቹ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ ግንቡ፤ ዑምዳው እንኳ ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ። ላላ ዩምና ብቻ አልሣቀችም። ሣቁ እስኪበርድ ጠብቃ እንዲህ አለች። «አባቴ ይህን ወረቀት የሣለው ለሰው ዓይን አይደለም፣ ለመስታወቱ ነው። የኛ ሥራ እንደሱ ነው። ሁሉን አዙረን እንሥላለን፣ መስታወቱ ያቀናዋል። መጀመሪያ የዓይኑን ብሌን፣ የጢሙን ፀጉር፤ ፊቱን ከዚያ በኋላ፤ ሰማዩን መጨረሻ። ስሙን ስንጽፍ እንኳ ከጭራው ነው የምንጀምረው። አባቴ ቀኝ ከግራ ቢያምታታ ኖሮ ሚናራውንም አምታትቶ ነበር። አላምታታም። ሳሲ የወደቀ ዕለት አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ባልዲ የጠጣ ሰው ነው። ሳሲን በግራው ያየው በግራው ስለያዘ ነው።»

«ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ልነግርህ ስል ወረቀቱ አፍ አለው አልከኝ። እኔም እስኪ ይናገር ብዬ ተውኩት።»

አሁን ሣቁ ገነፈለ። እኔ በመካከል ቆሜ ነበር፤ በአንድ እጄ ወረቀቱ፣ በሌላው እጄ ኩል የቀባሁት መስታወት። ይህን ስጽፍልህ አትፈርብኝ፤ ወይም እፈርብኝ፣ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን አድምጥ፤ ይህን ደብዳቤ የምቸኩልበት ምክንያት እርሱ ነውና።

በዚያ ሣቅ መካከል ቆሜ ሳለሁ፣ በሰው ሳይሆን በራሴ ትምህርት ተመታሁ። ሳሲ ባንዱ እጁ ውኃ ያጠጣ ነበር። ለተጠማ ሰው ውኃ በየትኛው እጅ ይሰጣል? በቀኝ። ይህን ከሰባት ዓመት ልጅ ጀምሮ በዚህች ከተማ ያስተማርሁ እኔ ነኝ፤ ጽዋ በግራው ያቀበለኝን ልጅ በቀኙ መልሼ አስይዤዋለሁ። እንግዲህ የተከበረው ቀኝ እጅ በገመዱ ላይ ከነበረ፣ ለሰይፉ የቀረው ግራው ነው። እኔ ሰይፉን አከበርሁና ቀኙን ለሰይፍ ሰጠሁ፤ ኡስታ ፈርጃኒ ግን ውኃውን አከበረ። ኪታብ ያልቀራ የመስታወት ሠዓሊ እኔ የማስተምረውን ሥነ ሥርዓት ከእኔ አስበልጦ ጠበቀ። ይህን ባሰብሁ ጊዜ ፊቴን ያቃጠለው ሐፍረት ወደ ምን እንደ ተለወጠ ልነግርህ አልችልም። ሣቅ መጣብኝ፤ በሕዝብ ፊት ሣቅሁ። እናታችን ከግንቡ ሥር «ያ ልጄ ነው እንዴ የሚሥቀው?» ስትል ሰማኋት።

እጄን አነሣሁ፤ ዝም አሉ። ይህን ስለ ውኃው የነገርሁህን ለእነርሱም ተናገርሁ። ከዚያም ለጸሓፊው እንዲህ ብዬ አስጻፍሁ፦ «እኔ ሼኽ ጣሂር ቢን ዐማራ፣ የላላ ዩምናን ሙያ ሳልጠይቅ በግማሽ ዕውቀት መስክሬ ነበር፤ ምስክርነቴን አንሥቻለሁ። ሳሲ ቢን ዘይድ በቀኙ አጠጣ፣ በግራው ተከላከለ። በግድግዳውም ላይ እንዲሁ ይሣል።» ፈረምሁ። ላላ ዩምናም ከፊርማዬ ጎን አውራ ጣቷን አሳረፈች፤ እኔ እርሷ ካልፈረመች ፊርማዬ አይጸናም ስላልሁ ነው። ቡልባባ ወደ ጠረጴዛው መጥቶ መስታወቱን እንደ ሕፃን አቀፈው፤ «ሻይ በነጻ ነው ዛሬ፣ ለሼኹም ጭምር» ብሎ ሄደ።

አሁን ሥዕሉ ከጉልበት እስከ ትከሻ ደርሷል። ራኡፍ የመጀመሪያውን ንድፉን ራሱ ቀደደው፤ ላላ ዩምና ከመሰላሉ ሥር ተቀምጣ የካባውን እጥፋት ታርምለታለች። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እሄዳለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከጎረቤት መንደር በአህያ እየመጡ የሚያዩ አሉ። ትናንት አንዲት አሮጊት ገና ፊት ያልተሣለለትን ሰው አይታ «ዓይኑ የአባቴ ነው» አለች፤ ዓይኑ ገና አልነበረም። አንድ ሕዝብ እንዴት እንደሚያስታውስ በዚያ አየሁ። እኔ ታሪክ በጽሑፍ ተጠብቆ ሥዕል የሚያበላሸው ይመስለኝ ነበር። በእጄ ያሉት ጽሑፎች ሳሲ የሞተበትን ዓመት፣ የአባቱን ስም፣ የጎሳውን ሐረግ ይነግሩኛል፤ ማንን እንዳጠጣ፣ በየትኛው እጁ እንዳጠጣ ግን ያቆየልን መስታወት ነው። የተራራው ሰዎች ሲወጡ ኪታቤን ይዘው አልወጡም፤ ግራ እጃቸውን አንሥተው ወጡ። ጀግናን የሚያቆመው የሚመለከቱት ሰዎች ዐይን ነው፤ እነርሱንም መልሶ የሚያቆማቸው እርሱ ነው። በቤቴ ሥዕል አልሰቅልም፤ በዚህ የተማርሁትን አልለወጥሁም። ለላላ ዩምና ይህን ስነግራት «ማን ሸጠልህ?» አለችኝ። ነገር ግን ሌላው ሰው በቤቱ ስለ ሰቀለው ከእንግዲህ በንቀት አላልፍም።

ወደ ሁለተኛው ምክንያት ደረስሁ። ስለ ግንበኛው ትከሻ ጽፌልሃለሁ። ያን ትከሻ ያየሁት ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት፣ በእኔው የቁርኣን ቤት፣ በአንተ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። ሰሌዳህን በግራህ ስለ ጻፍህ ግራ እጅህን በዘንባባ ገመድ ከወገብህ ጋር አሠርሁት። እናታችን ማታ ትፈታልህ ነበር፤ እኔ ጠዋት መልሼ አስር ነበር፤ ክረምቱ እስኪያልፍ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ሳሲም እኮ» ያላልህ ብቸኛው ልጅ አንተ ነበርህ፤ ወንድምህ ስለ ሆንሁ ልታሸንፈኝ አልፈለግህም። በቀኝህ መጻፍ ተማርህ፤ ጽሑፍህም እንደ ተሰበረ እግር ነበረ፤ ከዚያም ፈጽሞ መጻፍ ተውህ። ዛሬ ከማርሴይ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ቃልህ በሌላ ሰው እጅ የሚመጣው ስለዚህ ነው። ይህን ሳላውቀው የቀረሁ አይደለሁም፤ ስሙን ግን ትምህርት ብዬው ኖሬአለሁ።

ይቅርታን መለመን አልተማርሁም፤ አስተምሬአለሁ እንጂ። ስለዚህ በአጭሩ እንዲህ እላለሁ። ስላሠርሁት እጅህ በአላህ ፊት ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ አንተ አውፍ ካላልኸኝ አላህም አውፍ አይለኝም። ከደቀ መዛሙርቴ ሁለት ግራኞች አሉ። እሑድ ዕለት ብዕራቸውን በፈቀዱት እጅ እንዲይዙ አዝዣቸዋለሁ። አንደኛው ወጥመድ መስሎት እስካሁን በቀኙ ይጽፋል።

ማሕርዚያ ሰላም ትልሃለች፤ የበቆሎ ዱቄት ትተህ ገብስ ብላ፣ ለወገብ እርሱ ነው ትላለች። እኅትህ ሰዕዲያ ከነልጆቿ እጅህን ይስማሉ፤ ትልቁ ልጇ በአዲሱ ትምህርት ቤት ተመዝግቧል። ቡልባባ «ሲመጣ ሻይ አለው» ብሏል። ዑምዳው፣ ላላ ዩምና፣ የመስጊዱ ሙአዚን፣ ሁሉም ሰላም ይላሉ። ለቃዱር በልልን፤ ስለ ጻፈልን ሁሉ አላህ ይክፈለው፤ ቤታችን ቤቱ ነው። አላህ በጤና ያገናኘን።

ወንድምህ ጣሂር
ቢር ረባህ፣ ረቢዕ አል-አወል 17 ቀን 1378 ዓመተ ሒጅራ

ይህን ፈርሜ ካበቃሁ በኋላ እናታችን «አንብብልኝ» አለችኝና ከላይ እስከ ታች አነበብሁላት። ስለ ገመዱ በጻፍሁበት ስፍራ ስደርስ መቁጠሪያዋን አቆመች። ደብዳቤውን ላጥፍ ስል እጄን ይዛ የነገረችኝን፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ ይኸው ጻፍሁልህ፦ «በል ይሄንንም ጨምርበት። ከእንግዲህ ቃዱር አይጻፍልኝ። ራሱ ይጻፍ፣ በግራው። ፊደል ባላውቅም የልጄን እጅ አላጣውም።»